ከቪታሚኑ ብልቃጥ ውስጥ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስዎ ጉልበትዎ የጸና፣ እጅዎም እንደ ወትሮው ሕፃን ለመቀበል የቀና ሆኖ ታግኝዎት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከቤታችን የጎደለ ነገር ቢኖር የእርስዎ ሳቅ ነው።

የላኩልን የሙቀት መለኪያ ሳይሰበር ደርሷል። እንዳሉኝ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሳላወራ፣ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ምላሴ ሥር አደርገዋለሁ። ያስቸገረኝ ባለቤቴ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር አይደል፣ ጌጅ ማንበብ ልማዱ ነውና ገና ከአፌ ሳላወጣው አንገቱን አስግጎ "ሞተሩ ሞቀ?" ይለኛል። ሳቄ ያመልጠኛል፣ ልኬቱም ይበላሻል። ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ቁራጭ ካርቶን አምጥቼ ከአልጋው በላይ ለጥፈናል፤ በየማለዳው ነጥብ የሚያደርግበት እሱ ነው። መስመሩ ከፍ ሲል "ዳገት ጀመርን" ይላል።

ግን አንድ ነገር አልገባንም። ሙቀቱ የሚጨምረው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ከሆነ ወሬው የሚደርሰን ነገሩ ካለፈ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ "ይኼ መለኪያ ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡሱ ሄዷል የሚል ሰው ነው" ብሏል። ቀድሞ የሚናገር ምልክት ካለ ይንገሩን። ለእርግዝና የሚዘጋጁ ሴቶች የሚወስዱት ቪታሚን አለ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ መንገደኛ ሲገኝ ቢልኩልኝ ደስታዬ ነው።

ደብዳቤዎን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ እሱ ስለሆነ ሰላምታዎን ለብቻ አይላኩለት፤ ራሱ ያገኘዋል።

የምትናፍቅዎት የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 9

ድምቡሼ፣ የወንድሜ ልጅ፤

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ሰላም ይውረድብሽ። ቤታችሁን ጤና ይሙላው፣ ከዚያ ልጅ ይሙላው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ የሚገለብጡትን በየቀኑ እዚህ ማዋለጃ ክፍል አያቸዋለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቀድሞ የሚናገር ምልክት አለ። ከማህፀንሽ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ሲለጠጥና ሲያዳልጥ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ የምትገናኙት ያን ጊዜ ነው። ሲደርቅ በሩ ተዘግቷል። ሾፌሩ ይህንን ጮክ ብሎ እያነበበ ከሆነ ትንሽ ይፈር፣ ከዚያ ይቀጥል። ወሩ አልፎ ምንም ካልተገኘም አትበሳጩ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የጠየቅሽውን ቪታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን ልኬያለሁ። የሚወሰደው ካረገዙ በኋላ ሳይሆን ከወዲሁ ነው፣ የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራው እናቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነውና። ደምሽን፣ ግፊትሽን፣ ስኳርሽን ተለኪ። ሾፌሩም ዳር ቆሞ ነጥብ ማድረግ ብቻ አይበቃውም። ዘሩ ግማሹ የእሱ ነው፤ ሲጋራውን ይተው፣ በደንብ ይብላ፣ ሰውነቱን ይጠግን፣ ቪታሚንም አይናቅ። ልጅ ሲዘገይ ወንዱ ወደ ሴቲቱ ማየት ይቀናዋል።

በተረፈ ያቺ ራስ ምታትሽ እንዴት ናት? አሮጌውን ነገር ለባለሙያ ሳታሳዪ ዳገቱን አትጀምሪ። ሌላው ቢቀር ለዚህች መልስ ሳትሰጪ ደብዳቤሽን እንዳትዘጊ።

አክስትሽ፣ አዋላጇ

ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለአክስቴ፤

ጤናዎን ጠባቂው አይለይዎ። ይህንን የምጽፈው ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ውስጥ ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ሙጫው እስኪደርቅ። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ጠረጴዛው ስለሚያጣብቅ ነው።

እባክዎን ሁለተኛ እንደዚያ አይጻፉብኝ። አንብቦ ሲጨርስ "አሮጌው ነገር ምንድን ነው?" አለኝ። "የድሮ መነጽሬ ነው" አልኩት፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እሱ ደግሞ አመነኝ፣ እንዲያውም "እኔም ሳነብ ዓይኔ ይፈዛል" አለ። ከእንግዲህ የእኔና የእርስዎን ደብዳቤ በማተሚያ ቤቱ አድራሻ ይላኩልኝ፤ ለቤቱ የሰላምታውን ብቻ።

የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ የምናውቀው እርስዎ፣ እማዬና እኔ ነን፤ አባዬ ምስጢሩን ይዞ ሞቷል። ሳገባ እማዬ ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ጥላ በአሮጌ የቪታሚን ብልቃጥ ገለበጠችልኝ። "ለደም ማነስ ነው ትያለሽ፤ ደም ያነሳት ሴት አትፈታም" አለችኝ። ይኸው አራተኛ ዓመቴ። ማታ ማታ አንዷን እውጣለሁ፣ እሱም ውኃ ያቀብለኛል። ክኒኑን ከያዝኩ ወዲህ አንድም ቀን አልጣለኝም፤ ታዲያ የሌለን ነገር ምን ብዬ ልንገረው?

የነርቭ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ደግሞ በእሱ መስመር ላይ ነው፤ አውቶቡሱ የሚቆመው በሩ ላይ። ረዳቱ አፈ ሰፊ ነው፣ ስወርድ ቢያየኝ ከተማው ከእኔ በፊት ይሰማዋል። ክኒኑን የምገዛው በአሮጌ ማዘዣ ነው። ሰሞኑን ግን ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው፣ አቆጣጠር ጠፍቶብኝ ይሆናል። ዝቅተኛ መጠን ያለው ካለ ቢልኩልኝ፣ ለልጁም የሚሻል ይመስለኛል።

ጥር 5

ድምቡሼ፤

ሰላምታዬ በሌላኛው ፖስታ፣ በቤትሽ አድራሻ አለልሽ፤ ባልሽ ያንብብልሽ። ይኼኛው ቁጣ ነው።

ክኒን አልልክልሽም። መድኃኒት በፖስታ የሚለካ ጨርቅ አይደለም። በደንብ ስሚኝ፤ አንቺ የምትወስጂው ዓይነት ፅንስ ይጎዳል። ሁሉንም ባይሆን ብዙውን። ለእርጉዝ የሚሻል ሌላ መድኃኒት አለ፣ ግን የሚቀይረው ሐኪም ነው፣ ቀስ እያለ፣ እያየሽ። የሚያዝልሽ ፎሊክ አሲድም እኔ ከላክሁት ሊበልጥ ይችላል። በራስሽ ጊዜ ካቆምሽው ደግሞ ይጥልሻል፤ እርጉዝ ሆነሽ ብትወድቂ ሁለት ሰው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ አታቁሚ፣ አትቀንሺ፣ እስኪቀየርም ድረስ አታርግዢ። ያንን ካርቶን ለመጠንቀቂያ ተጠቀሙበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናትሽ ይህንን ተረት ገልብጣ መድኃኒቱንም ደበቀችው። ወንድሜን ወድጄ ሚስቱን ችዬ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ግን አልችላትም።

ቶሎ ያልቃል ያልሽው አልገባኝም። ጨምረሽ እየወሰድሽ ነው? ወይስ እየዘለልሽ? እውነቱን ጻፊልኝ፣ ማሳመሩን ተዪው።

አክስትሽ

መጋቢት 11

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፤

ዝምታዬን ይቅር ይበሉ፤ የሚያስጽፍ ፊት አልነበረኝም። እርስዎ ግን በጤና ይክረሙልኝ።

አልታዘዝኩዎትም። ሆስፒታልም አልሄድኩ፤ እርስዎ ያሉት በር ሲከፈት፣ ካርቶኑንም ሳየው እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ። እሱ በጉጉት ነጥብ ሲያደርግ "ይህን ወር እንለፈው" ማለት ምክንያት ይጠይቃል፣ ምክንያቱ ደግሞ በብልቃጥ ውስጥ ነው። የካቲት ላይ አበባዬ ቀረ። መስመሩ ከፍ እንዳለ ሰነበተ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ በጣቱ ይራመድ ጀመር፣ ልጁን የሚቀሰቅስ ይመስል። እኔ ያን ሰሞን እህል በአፌ አልዞር አለኝ። እንደ እርጉዝ አልነበረም፤ የእርስዎ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ደሙ መጣ። አክስቴ፣ ደስ አለኝ። መጸዳጃ ቤት በሩን ቆልፌ አመሰገንኩ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ሴት ነኝ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ሲያባብለኝ ዋለ፣ ያባበለኝ ለሌላ ነገር ነበር።

እውነቱን ጻፊ ብለውኛልና ልጻፍ። ጨምሬ አልወሰድኩም። ክኒኑ ቀድሞ ሲያልቅ እስክገዛ ድረስ የምዘልበት ማታ ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነቃ ምላሴ ተነክሶ፣ ትራሱ ላይ ደም ነበር። ሻይ አቃጠለኝ አልኩ። የገረመኝ እሱ አለመስማቱ ነው። ዝንብ ስትበር የሚነቃ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ራቱን እንደበላ ይወድቃል፣ ጠዋትም አይነቃ። ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። "ዕድሜ ነው" ይላል፣ ገና አርባ ሳይሞላው። የወንዶች ድካም መድኃኒት ካለ ይጻፉልኝ።

መጋቢት 24

ድምቡሼ፤

ሰላምታው ይቆየን።

ያንን ብልቃጥ ከአንቺ ሌላ የሚከፍተው ማን ነው?

ላዩ ላይ ቪታሚን ይላል። እኔ ሞኟ ደግሞ "ወንዱም ሰውነቱን ይጠግን፣ ቪታሚንም አይናቅ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ጮክ ብሎ ያነበበው እሱ ነው። አንቺን ማታ የሚያስተኛሽን ክኒን እሱ ጠዋት ውጦ መሪ ከጨበጠ እንቅልፍ ምን ያንሰዋል?

ይህ ሲደርስሽ ዕለቱን ጠይቂው። ከጀመረ ቆይቶ ከሆነ በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው፤ እስከዚያ ግን መሪ እንዳይዝ። ከጀርባው የሰው ልጆች አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ። ስለ ልጅ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ እናትሽ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ አሁን የምለምንሽ ይህችን ብቻ ነው፣ ንገሪው።

አክስትሽ

ሚያዝያ 14

ይድረስ ለአክስቴ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።

ፖስታዎ እጄ በገባበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ አውቶቡሱ ከፌርማታው ሲነሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ የአንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ዳስ አፍርሷል። በረንዳው ላይ ቆማ የነበረች ሴት ክንዷ ተሰብሯል። ሌላ የተጎዳ የለም። ተሳፋሪው ሁሉ "ዓይኑ ተጨፍኖ ነበር" ብሎ መሰከረ፣ ረዳቱ ደግሞ "ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይወለጋገዳል" አለ። ይጠጣል ተብሎ ታግዷል። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት በሚቀጥለው ወር ይቀርባል።

ጠየቅሁት። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ያይ ነበር። "ከእኔ ቪታሚን ትወስዳለህ እንዴ?" ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀ። "ነቃሽብኝ?" አለኝ። "እትዬ የላኩት ላይ የነፍሰ ጡር ሥዕል አለበት፣ እሱን መዋጥ አፈርኩ። ከአሮጌው ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እወስዳለሁ። ለልጁ ብዬ ነው።"

ለልጁ ብዬ ነው ሲል አንጀቴን በላው። እዚያው ልነግረው ነበር፣ አልቻልኩም። "ከእንግዲህ ተወው፣ ጊዜው አልፎበታል፣ እሱ ይሆናል የሚያዞርህ" አልኩት። ሐኪም ጋ ሂድም አልኩት፤ እንቢ አለ፣ ሰካራም ያለኝ ሰው ሁሉ እዚያ ሊያገኘኝ ነው ብሎ።

አሁን ከእርስዎ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። እንደ ጤና ባለሙያ፣ እንዲህ ያለ ክኒን በስህተት የወሰደ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል የሚል ወረቀት ይጻፉልኝ። ክኒኑ የማን እንደሆነ ሳይጠቀስ።

ሚያዝያ 27

ድምቡሼ፤

ባለቤት የሌለው ወረቀት አልጽፍም። ኮሚቴው "ክኒኑ ከየት መጣ?" ብሎ ሲጠይቅ ባልሽ ምን ይላል? ከመንገድ አነሳሁት ይበል? ሰካራምነቱን አስወግደሽ ሱሰኛ ልታደርጊው ነው። እኔ እዚህ ባሕር ማዶ ሆኜ የምጽፈው ወረቀትም እዚያ ከመጠቅለያ አይበልጥም። የሚያድነው የአንቺ ሐኪም፣ የአንቺ ካርድ፣ የአንቺ አፍ ነው።

ይፈታኛል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። አይፈታሽም ብዬ አልምልልሽም፣ ሰውየውን የማውቀው በአንባቢነቱ ብቻ ነው። ግን ሆድሽ ውስጥ ልታስቀምጪ የምትፈልጊው የዚህን ሰው ልጅ ነው። ክንዷ ስለተሰበረባት ሴትም አስቢ፤ ማን እንደሰበራት የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

በአንቺ ተናድጄ አላውቅም ነበር፣ አሁን ተናድጃለሁ። እወድሻለሁም። ሁለቱም በአንድ ፖስታ ይድረሱሽ።

አክስትሽ

ሰኔ 8

ይድረስ ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት አክስቴ፤

የዘገየሁት እንደ ቀድሞው ልደብቅ ብዬ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር አልቆ እስኪታይ ነው። እርስዎ ደህና ይሁኑልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ከማተሚያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ሄድኩ። የሄድኩት በእሱ አውቶቡስ ነው፤ መሪው ላይ ሌላ ሰው ነበር። ረዳቱ አየኝ፣ በሩ ላይ ወረድኩ፣ ሰማይ አልተደፋም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አልጮኸችብኝም። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚቀይር ትእዛዝ ሰጠችኝ፣ ፎሊክ አሲዱን ጨመረችልኝ፣ እስኪረጋ ድረስ ለወራት የእርግዝና መከላከያ እንድወስድ አዘዘችኝ። ምን ዓይነት ክኒን እንደምወስድና ምን እንደሚያደርግም በማኅተም ጻፈችልኝ።

ለእሱ ግን አልነገርኩትም። በየቀኑ አፌን እከፍትና ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ። እንዲህ እያልኩ የኮሚቴው ቀን ደረሰ።

ተርሚናሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው፣ ግድግዳው ላይ የመስመሮች ካርታ ተሰቅሏል። ሚስት እንደ ምስክር ትግባ አሉ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሰው "ማታ ማታ ይጠጣል ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ብልቃጡንና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "አይጠጣም። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ይህ የእኔ መድኃኒት ነው። ቪታሚን መስሎት ወሰደው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አንዷ የኮሚቴ አባል ብልቃጡን አገላብጣ ጽሑፉን አነበበችና ለጎረቤቷ አቀበለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ባለቤቴ የቤቱን ጉድ ከእነሱ እኩል ሰማ።

ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞሩ። "የሚስትህ መድኃኒት መሆኑን ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ቢል ነፃ ይወጣ ነበር። እኔን አላየኝም፣ ካርታውን ነበር የሚያየው። "አውቃለሁ" አለ። "ድሮ ነው የነገረችኝ። ብልቃጥ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሰካራም መባሉ ቀረለት። ነገር ግን እያወቀ በቸልተኝነት ብለው ለአንድ ዓመት ከመሪ አንስተውታል፤ አሁን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይፈታል። ክንዷ የተሰበረባትን ሴት አብረን ሄደን ጠይቀናታል። እሷም እንደ ሰው አስተናገደችን፣ እንዳልተቀየመችን ግን አልነገረችንም።

ቤት ስንገባ አመሰግናለሁ ብል "ሰው ፊት ስለነበርን ነው ያልኩት፣ ላንቺ ብዬ አይደለም" አለኝ። "አራት ዓመት ውኃ ሳቀብልሽ ምን ትዪ ነበር በሆድሽ?" አለኝ። መጮህ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እኛ ቤት የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ጠዋት ከልማድ መለኪያውን አፌ ውስጥ አድርጌ ስጠብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ነጥቡን ራሴ ማድረግ ጀመርኩ። ይፈታኛል ብዬ ልብሴን በየት በኩል እንደማጥፍ ሁሉ አስቤ ነበር።

ባለፈው እሁድ እጁ ላይ የጎማ ጥቁረት እንዳለ በር ላይ ቆመና "ስትወድቂ ምን ላድርግ?" አለኝ።

አክስቴ፣ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እማዬ ስወድቅ በር ትዘጋ ነበር።

ወለሉ ላይ ተኝቼ አሳየሁት። በጎኔ አዞረኝ። ጃኬቱን አጥፎ ከራሴ ሥር አደረገ፣ ወንበሩን ከአጠገቤ አራቀ። "አፍሽ ውስጥስ ምን ልክተት?" አለ። "ምንም።" "ከዚያስ?" "ሰዓት ታያለህ። ከቆየ ሰው ትጠራለህ። ካልሆነ እስክነቃ አጠገቤ ትሆናለህ።"

"ይኼው ነው?" አለ።

"ይኼው ነው።"

"ይኼንን ለማለት ነው አራት ዓመት የፈጀብሽ?"

ትከሻዬን እንደያዘ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔም ለመነሳት አልቸኮልኩም።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ